ማዘር ቴሬዛ

ማዘር ቴሬዛ (የልደት ስማቸው አንዬዘ ጎንጄ ቦያጂዩ፤ ነሐሴ 20 ቀን 1902 – ነሐሴ 30 ቀን 1989 ዓ.ም.) በሕንድ አገር በካልካታ ከተማ የኖሩ፣ በትውልድ አልባኒያዊት የሆኑ የካቶሊክ መነኩሲት ነበሩ። ሚሽነሪስ ኦፍ ቻሪቲ የተባለውን የደናግል ማኅበር መሥርተዋል። ማኅበሩ በብዙ አገሮች፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ መጠጊያ ያጡ በሽተኞችን፣ ወላጅ አልባ ሕፃናትንና በሞት አፋፍ ላይ ያሉ ሰዎችን ያስጠጋል። ስማቸው ከሁሉ በላይ የሚነሣው በ1952 በከፈቱት የሚሞቱ ሰዎች ቤት ነው። ይህ ቤት ለብዙዎች የርኅራኄ ምሳሌ ሲሆን፣ ለሌሎች ደግሞ ለሚሞት ሰው የሚደረግ እንክብካቤ በምን እንደሚመዘን ብርቱ ክርክር ያስነሣ ቦታ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ወደ ገዳም መግባት

በ1910 በስኮፕዬ ከተማ ተወለዱ። ከተማዋ ያን ጊዜ በኦቶማን ቱርክ መንግሥት ሥር ነበረች፤ ዛሬ የሰሜን መቄዶንያ ዋና ከተማ ናት። አባታቸው ኒኮላ ነጋዴ ነበሩ። በ1919 እርሳቸው ገና የ8 ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው በድንገት ሞቱ። እናታቸው ድራናፊሌ ሦስቱን ልጆቻቸውን አጋን፣ ላዛርንና ጎንጄን በስፌት ሥራ አሳደጉ። ኑሮው ከባድ ቢሆንም የእናትየዋ ማዕድ ለችግረኛ ጎረቤት ክፍት እንደነበር የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሁሉ ያወሳሉ።

በ18 ዓመታቸው፣ በ1928፣ የሎሬቶ እኅቶች ወደሚባለው ማኅበር ለመግባት ከቤት ወጡ። መጀመሪያ እንግሊዝኛ ለመማር ወደ አየርላንድ ሄዱ፤ በ1929 መጀመሪያ ላይ ሕንድ ደረሱ። እናታቸውንና እኅታቸውን ከዚያ ወዲያ በዓይናቸው አላዩም። በ1931 የመጀመሪያውን መሐላ ሲፈጽሙ ቴሬዛ የሚለውን ስም ወሰዱ። ከዚያም በካልካታ ምሥራቃዊ ክፍል በሚገኘው የቅድስት ማርያም ትምህርት ቤት ታሪክና ጂኦግራፊ ማስተማር ጀመሩ፤ በ1944 ርእሰ መምህርት ሆኑ።

የትምህርት ቤቱ ግቢ በአጥር የተከለለ፣ ጸጥ ያለና ንጹሕ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ያለችው ከተማ ግን ሌላ ዓለም ነበረች። በ1943 በቤንጋል በደረሰው ረሃብ እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ። በነሐሴ 1946 ደግሞ በሂንዱዎችና በእስላሞች መካከል በተነሣው ግጭት የካልካታ መንገዶች በሬሳ ተሞሉ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር 10 ቀን በባቡር ወደ ዳርጂሊንግ ሲጓዙ፣ ገዳሙን ትተው ከድኾች መካከል እንዲኖሩ የሚያዝዝ ጥሪ እንደተሰማቸው ኋላ ተናግረዋል። ፈቃድ ለማግኘት ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። በ1948 የሎሬቶን ልብስ አውልቀው ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጭ ሳሪ ለበሱ፤ ይህም በካልካታ ድኻ ሴቶች የሚለብሱት ዓይነት ነበር።

ወደ ሥራቸው ከመግባታቸው በፊት ፓትና ወደሚባል ከተማ ሄደው በአንድ የሚስዮን ሆስፒታል ጥቂት ወራት መሠረታዊ የሕክምና አያያዝ ተማሩ። ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋትና ማዋለድን የመሰለ ነገር ነው። ሙሉ የነርስነት ትምህርት አልነበረም። ኋላ ስለ ሥራቸው የተነሣውን ክርክር ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ይህን ነገር ልብ ማለት አለበት።

የሚሞቱ ሰዎች ቤት

ማኅበራቸው በጥቅምት 1950 ከቫቲካን ፈቃድ ሲያገኝ አባላቱ ጥቂት ነበሩ፤ አብዛኞቹም የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ነበሩ። ካልካታ የሕንድና የፓኪስታን መለያየት ባፈናቀላቸው ስደተኞች ተጨናንቃ ነበር። ሆስፒታሎች አይድንም ያሉትን ድኻ አይቀበሉም፤ ሰው በአስፋልት ዳር ወድቆ ይሞት ነበር። ማዘር ቴሬዛ የከተማውን አስተዳደር እነዚህን ሰዎች የሚያስገቡበት ጣሪያ ለመኑ። አስተዳደሩ በካሊጋት፣ ከካሊ ቤተ መቅደስ አጠገብ፣ ቀድሞ ተሳላሚዎች ያርፉበት የነበረ ቤት ሰጣቸው። ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በባሌ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚሄደው ተጓዥም፣ ወደ ገዳማት ጠበል የሚወርደው በሽተኛም የሚጠጋው በተመሳሳይ ማረፊያ ነው።

ቤቱ በነሐሴ 1952 ተከፈተ፤ ስሙም ኒርማል ህርዳይ ተባለ፤ ትርጉሙ ንጹሕ ልብ ማለት ነው። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላ ወገን፣ በዝቅተኛ አልጋዎች ተደርድረው ይተኛሉ። ደናግሉ ያጥቧቸዋል፣ ትል የገባበትን ቁስል ያጸዳሉ፣ ያጎርሷቸዋል። የሚሞተው ሰው እንደየእምነቱ ይሸኛል፤ ለእስላሙ ቁርአን ይቀራለታል፣ ሂንዱው ከጋንጅስ ወንዝ ውሃ ይቀምሳል፣ ካቶሊኩ የመጨረሻውን ምሥጢር ይቀበላል። መጀመሪያ ላይ የቤተ መቅደሱ አካባቢ ሰዎች ሃይማኖት ሊያስለውጡ ነው ብለው ተቃውመው ነበር፤ ኋላ ግን ተቃውሞው በረደ።

ቤቱ የሚሞቱ ሰዎች ቤት ይባል እንጂ ከገቡት መካከል ብዙዎቹ ድነው ወጥተዋል። ረሃብ፣ ተቅማጥ ወይም ወባ የጣለው ሰው ምግብና መድኃኒት ካገኘ ይነሣልና። ይህ ለቤቱ ምስጋና የሚገባው ነገር ነው፤ የትችቱም መነሻ እዚሁ ላይ ነው።

ማኅበሩ ቀጥሎ ለሕፃናትና ለሥጋ ደዌ በሽተኞች ቤቶችን ከፈተ። በ1965 ከሕንድ ውጭ የመጀመሪያውን ቤት በቬኔዝዌላ፣ በ1968 ደግሞ በሮማና በታንዛኒያ አቋቋመ። በ1969 የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ማልኮም ማገሪጅ ለቢቢሲ የሠራው ፊልም ስማቸውን በምዕራቡ ዓለም አስታወቀ። በ1979 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጣቸው፣ ለክብራቸው ሊደረግ የነበረው ግብዣ ቀርቶ ገንዘቡ ለድኾች እንዲውል ጠየቁ፤ ይህም ተፈጸመ።

በኢትዮጵያ

ማዘር ቴሬዛ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1973፣ ወሎና ትግራይ በድርቅ በተጎዱበት ጊዜ ነው። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝተው ማኅበራቸው በአገሪቱ እንዲሠራ ፈቃድ አገኙ። በዓመቱ ዘውዱ ወደቀ። ብዙ የውጭ ሚስዮኖች በደርግ ዘመን ሥራቸው ሲዘጋ ወይም ሲጠብ፣ የእርሳቸው ደናግል ግን ቆዩ። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለው ቤታቸው በከተማው ሕዝብ ዘንድ ዛሬም የሚታወቀው በእርሳቸው ስም ነው። ዘመድ የሌለው፣ ከሆስፒታል ወጥቶ የሚሄድበት ያጣ፣ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና መጥቶ ገንዘቡ ያለቀበት ሰው ሁሉ በዚያ በር ያልፋል። በአስኮ ያለው ቤት ደግሞ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ወላጅ አልባ ሕፃናትን በማሳደግ ይታወቃል።

በ1984 እና በ1985 ረሃብ እንደገና አገሪቱን ሲመታ ማዘር ቴሬዛ ተመልሰው መጡ። በጥር 1985 በአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ከአየርላንዳዊው ዘፋኝ ከቦብ ጌልዶፍ ጋር ተገናኙ። ጌልዶፍ ኋላ እንደተረከው፣ አሮጊቷ መነኩሲት በካሜራ ፊት ባለሥልጣናቱን ባዶ የቆሙ ሕንፃዎችን ለወላጅ አልባ ሕፃናት እንዲሰጡ ጠየቁ፤ እምቢ ለማለት የሚያስቸግር ጊዜና ቦታ መርጠው ነበር። ገራገር አሮጊት አድርገው የሚስሏቸው ሰዎች ይህን ጎናቸውን ይዘነጉታል።

ስለ አዲስ አበባው ቤት ሌላም የሚነገር አለ። አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆድስ በዚያ ቤት ለብዙ ዓመታት በሽተኞችን መርምረዋል፤ የልብና የጀርባ አጥንት ሕመም ያለባቸውን ወጣቶች እየለዩ ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ አገር እንዲሄዱ አድርገዋል። አይድንም ተብሎ የተተወ ልጅ ቀና ብሎ ሲሄድ ታይቷል። ሐኪም በቋሚነት የሚገባበት ቤትና የማይገባበት ቤት ምን ያህል እንደሚለያዩ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

የእንክብካቤው ጥራት ሲመዘን

በ1994 የላንሴት የሕክምና መጽሔት አዘጋጅ የነበሩት ሮቢን ፎክስ የካሊጋትን ቤት ጎበኙና ያዩትን በመጽሔቱ ላይ ጻፉ። ጽሑፉ አጭር ነው፤ ቃናውም የጠላት አይደለም። ንጽሕናውን፣ የቁስል አያያዙንና ለበሽተኛው የሚሰጠውን ፍቅር አመስግነዋል። ነገር ግን ሐኪሞች የሚመጡት አልፎ አልፎ እንደሆነ፣ በሌላው ጊዜ የሚወስኑት ደናግሉና በጎ ፈቃደኞቹ እንደሆኑ አስተዋሉ። ሊድን የሚችለው ከማይድነው የሚለይበት ሥርዓት አልነበረም። ብርቱ ትኩሳት ያለበት አንድ ወጣት መጀመሪያ የተሰጠው ቴትራሳይክሊንና ፓራሲታሞል ነበር፤ ሐኪም ሲመጣ ወባ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ክሎሮኪን አዘዘለት። ፎክስ ቀላል የደም ምርመራ እንኳ ለምን እንደማይደረግ ጠየቁ። ከሁሉ በላይ ያሳሰባቸው ግን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ አለመኖሩ ነበር።

የፎክስ ሚዛን ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። በለንደን ሲስሊ ሳንደርስ የተባሉ ሴት በ1967 የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ ከፍተው ነበር። እርሳቸውም እንደ ማዘር ቴሬዛ ሃይማኖተኛ ነበሩ፤ ነገር ግን በተራ ነርስነትን፣ ማኅበራዊ ሥራንና ሕክምናን ተምረዋል። ያስተማሩት ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ የሚሞት ሰው ሕመም የሥጋ ብቻ አይደለም፤ የሐሳብ፣ የቤተሰብና የነፍስም ነው፤ የሥጋው ሕመም ግን በአፍ በሚወሰድ ሞርፊን፣ ሰዓቱን ጠብቆ በመስጠት፣ ሳይበረታ መያዝ ይቻላል። በሽተኛው እስኪጮህ መጠበቅ ስሕተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1986 የካንሰር ሕመምን ደረጃ በደረጃ ማስታገሻ መመሪያ አወጣ። እንግዲህ ካሊጋት ሲጎበኝ ሆስፒስ የሚለው ቃል የተወሰነ ትርጉም ይዞ ነበር፤ ፎክስም የማዘር ቴሬዛ ቤት በዚያ ትርጉም ሆስፒስ እንዳልሆነ ነው የጻፉት።

መልስ የሰጡ ሐኪሞች ነበሩ። በዚያው መጽሔት በወጣ ደብዳቤ ላይ፣ በሕንድ ሞርፊን የጠፋው በካሊጋት ብቻ እንዳልሆነ፣ የሐኪሞች ሥልጠና ማነስ፣ የመድኃኒት እጥረትና ጥብቅ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ትልልቅ ሆስፒታሎችን ጭምር እንዳሰሩ አመለከቱ። ይህ እውነት ነው፤ የ1985ቱ የሕንድ ሕግ ካወጣው የቅጣት ፍርሃት የተነሣ ፋርማሲዎች ሞርፊን መያዝ ትተው ነበር። ሌሎች ትችቶች ግን በሕግ የሚመካኙ አልነበሩም። የቀድሞ በጎ ፈቃደኞች መርፌ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ እንደገና ጥቅም ላይ ይውል እንደነበር መስክረዋል። ክሪስቶፈር ሂችንስ በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የካልካታው ተወላጅ ሐኪም አሩፕ ቻተርጂም ኋላ በጻፈው፣ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበው ገንዘብ ዘመናዊ ክሊኒክ ሊያቆም ሲችል ቤቶቹ ሆን ተብለው በድኅነት እንደተያዙ ተከራክረዋል። ማኅበሩ በበኩሉ ሆስፒታል ለመሆን ተነሥቶ እንደማያውቅ፣ ሥራው ማንም የማይነካውን ሰው መንካት እንደሆነ ሲመልስ ኖሯል። ማዘር ቴሬዛም መከራ የክርስቶስን ሕማም መካፈል እንደሆነ ያምኑ ነበር። ይህ እምነት ለሚቀበለው ሰው መጽናኛ ነው፤ ሳይጠየቅ ለሚታመም ሰው ግን የማስታገሻ ምትክ ሊሆን አይችልም።

ክርክሩን መልክ ለማስያዝ የሚረዳ አንድ አከፋፈል አለ። በቤይሩት ከአርመን ቤተሰብ የተወለዱት ሐኪም አቬዲስ ዶናቤዲያን በ1966 የሕክምና ጥራት በሦስት ወገን እንዲታይ ሐሳብ አቀረቡ፤ አንደኛው ያለው ሰውና ዕቃ፣ ሁለተኛው ሥራው የሚሠራበት መንገድ፣ ሦስተኛው በበሽተኛው ላይ የታየው ውጤት ነው። ካሊጋት በመጀመሪያው ወገን አልጋና እጅ ነበረው፤ ሐኪምና ሞርፊን አልነበረውም። በሁለተኛው ማጠብና ማጉረስ ነበረ፤ ምርመራ አልነበረም። በሦስተኛው ወገን ሰዎች በክብር እንደሞቱ ብዙ ምስክር አለ፤ ምን ያህል እያመማቸው እንደሞቱ ግን ከዚያ ምስክርነት አይታወቅም።

ጥያቄው በባሌ ደጋ

ይህ ክርክር የሩቅ አገር ጉዳይ እንዳይመስል ሮቤንና ጎባን ማሰብ ይበቃል። የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ጎባና ዛሬ የባሌ ዞን መቀመጫ የሆነችው ሮቤ በ14 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። የጎባ ሪፈራል ሆስፒታል በሮቤ ካለው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተያይዞ ይሠራል። የካንሰር የጨረር ሕክምና ግን ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የነበረው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። በሽተኛው በዲንሾ፣ በአዳባና በዶዶላ በኩል ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ወረፋ ይጠብቃል፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ወይም ሐኪሙ ተስፋ ሲቆርጥ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በቤት ነው፤ በብርድ ሌሊት፣ በእሳት ዳር፣ በልጅና በጎረቤት እጅ።

በዚህ ቤት ያለው ነገር ካሊጋት ከነበረው ጋር በሚገርም ሁኔታ ይመሳሰላል። የሚያጥብ እጅ፣ አጥሚት የሚያጎርስ ሰው፣ ጸሎትና ዱዓ አይጠፋም። እንዲያውም ማዘር ቴሬዛ ከመንገድ ላይ አንሥተው ሊሰጡ የሞከሩትን ዘመድ፣ የባሌ ገበሬ አስቀድሞ አለው። የሚጎድለው ፎክስ የጠየቁት ነው። እንክብካቤ ሰጪ ተቋም፣ የመንግሥትም ይሁን የሃይማኖት ወይም የግል፣ ቤተሰቡን ሊረዳ ሲመጣ መመዘን የሚገባው ቤተሰቡ የማይችለውን በመቻሉ ነው። ነርሷ በመጣች ቁጥር ሕመሙን ትጠይቃለች ወይ? ሞርፊን ከታዘዘ በሰዓቱ ይሰጣል ወይስ ሲብስ ብቻ? ሞርፊን ሆድ እንደሚያደርቅ ታውቆ የሆድ ማለስለሻ አብሮ ተሰጥቷል? በሌሊት ቢብስ የሚደወልለት ሰው ማን ነው? መድኃኒቱ ሲያልቅ አስታማሚው የት ይሄዳል? ነገሩ በአፋን ኦሮሞ ለሚያስታምመው ልጅ ተብራርቷል ወይስ በወረቀት ተጽፎ ቀርቷል? እስላሙ ፊቱን ወደ ቂብላ እንዲያዞር፣ ክርስቲያኑ ንስሐ አባቱን እንዲያገኝ ቦታ ይሰጣል?

የአፍሪካ የፓሊየቲቭ ኬር ማኅበር ለእንዲህ ያለው ምዘና 10 ጥያቄዎች ያሉት አጭር መጠይቅ አዘጋጅቷል፤ እያንዳንዱም ከ0 እስከ 5 ይመዘናል። ሰባቱ ለበሽተኛው የሚቀርቡ ሲሆኑ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ሌሎች ስሜቶቹ፣ ስለ ጭንቀቱ፣ የልቡን የሚያካፍለው ሰው ስለማግኘቱ፣ ሕይወቱ ዋጋ እንዳለው ስለመሰማቱ፣ ስለ ሰላሙና ቤተሰቡ ስላገኘው ምክር ይጠይቃሉ። ሦስቱ ለአስታማሚው ናቸው። መልካምነቱ ለመጠየቅ ሕንፃ አለማስፈለጉ ነው፤ በሲናና ገብስ ማሳ መካከል ባለ ጎጆ ውስጥም ይሠራል። በኢትዮጵያ በ2003 በአዲስ አበባ የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በሽተኞችን በየቤታቸው እየሄደ በመርዳት ይታወቃል፤ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2016 ብሔራዊ መመሪያ አውጥቷል።

የመጨረሻ ዓመታት

የማዘር ቴሬዛ ጤና ከ1983 ጀምሮ ተዳከመ፤ በሮማ ሳሉ የልብ ድካም አገኛቸው፤ በ1989 ከሁለተኛው በኋላ የልብ ምት መቆጣጠሪያ ተተከለላቸው። እርሳቸው ራሳቸው በዘመናዊ ሆስፒታሎች መታከማቸው ከተቺዎቻቸው ዘንድ ተደጋግሞ ተነሥቷል፤ ወዳጆቻቸው ደግሞ ሆስፒታል የገቡት በሌሎች ግፊት እንደሆነ ይመልሳሉ። በመጋቢት 1997 የማኅበሩን አመራር ለሲስተር ኒርማላ ጆሺ አስረከቡ። በሴፕቴምበር 5 ቀን 1997 በካልካታ በማኅበራቸው ቤት በ87 ዓመታቸው አረፉ። የሕንድ መንግሥት ለርእሰ ብሔር የሚደረገውን ዓይነት የቀብር ሥርዓት አደረገላቸው። በዚያን ጊዜ ማኅበሩ ወደ 4,000 የሚጠጉ ደናግልና በ123 አገሮች 610 ቤቶች ነበሩት።

በ2007 የግል ደብዳቤዎቻቸው ሲታተሙ፣ ለ50 ዓመት ያህል እግዚአብሔር እንደራቃቸው ይሰማቸው እንደነበር ታወቀ። ይህ ብዙዎችን አስደነገጠ፤ በየቀኑ ሌሎችን ሲያጽናኑ የኖሩት ሴት ለራሳቸው መጽናኛ አላገኙም ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ2003 ብፅዕት፣ በሴፕቴምበር 4 ቀን 2016 ደግሞ ቅድስት ብላ ሰየመቻቸው። መቃብራቸው በካልካታ በማኅበሩ ዋና ቤት ውስጥ ነው።